የጠመኔው ሣጥን ለማን ይሰጥ?

የደረሰኝ ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ በአንዲት የወሎ ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሌ ውስጥ 62 ልጆች አሉ፤ በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዱም ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ሁሉንም ትምህርት የማስተምራቸው እኔው ነኝ። ዱላ ላልይዝ ለራሴ ቃል ስለገባሁ ከመስከረም ጀምሮ ጥሩ የሠራውን በከረሜላና በእስክሪብቶ እሸልም ነበር፤ ከደመወዜ። እስከ ኅዳር ሰመረልኝ። አሁን ግን ‹ቲቸር፣ ዛሬ ምን አለ?› ሳይሉኝ ደብተር አያወጡም። አለቃ ያደረግኳት ልጅ የረባሾችን ስም ትጽፍልኛለች፤ በቀደም ቆሎ የሰጣትን ልጅ ስም እንደምትሰርዝ ሰማሁ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ደግሞ አለ፤ እሱ የቀረ ዕለት ክፍሉ ሰላም ነው። እንዲህ ማሰቤ ያሳፍረኛል። አንጋፋዎቹ ባልደረቦቼ ‹ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል፤ አርጩሜ ያዢ› ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው «ያሳፍረኛል» ያልሽበት ላይ ነው። እኔም ጠመኔ ይዤ በቆምኩባቸው 29 ዓመታት፣ የቀሩ ዕለት እፎይ ያልኩባቸው ልጆች ነበሩኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አንቺ በሁለተኛ ዓመትሽ ጽፈሽ መላክሽ ብቻ ልጁን ገና እንዳልተውሽው ይነግረኛል። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ የደብዳቤሽ ዋናው ጉዳይ እሱ ይመስለኛል።

የአርጩሜውን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ያ በር ዝግ ነው። ማንበርከኩም፣ ጆሮ አስይዞ ማቆሙም ከአርጩሜው አይለይም። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ አርጩሜ ዝም የሚያሰኘው ባለቤቱ ቆሞ እስካለ ብቻ ነው። በአርጩሜ የሚተዳደር ክፍል አስተማሪው ቢሮ ደርሶ እስኪመለስ ገበያ ይሆናል፤ ይህን ባልደረቦችሽም ያውቁታል። እነሱን ግን አትቀየሚያቸው። እነሱም ያደጉት በዚያ ነው፤ ምክራቸውም ከክፋት የመጣ አይደለም።

አሁን ወደ አለቃሽ። ልጅቷ ቆሎ ተቀብላ ስም ሰረዘች ብለሽ አዝነሽባታል። እኔ ግን ያዘንኩት ለእሷ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሰጥተን ጓደኞችሽን ሰልዪ አልናት። ካልጻፈች እኛ እንቆጣታለን፤ ከጻፈች በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ትቆማለች። ቆሎውን ስትቀበል ጉቦ መብላቷ አልታያትም፤ ጓደኛ እያገኘች መስሏታል። ነገ ጠዋት ያንን ወረቀት ከእጇ ውሰጂላት፤ ስትወስጂባት ግን እንደ ጥፋተኛ አታድርጊያት። «እስካሁን ብዙ ሸክም አሸከምኩሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ የረባሽ ስም አይጻፍም» በያትና በክፍሉ ፊት አመስግኛት። የረባሽ ዝርዝር ከክፍልሽ ለዘለዓለም ይጥፋ።

በአገራችን ክፍሎች ያለው ችግር አለቃ መኖሩ አይደለም። ሥራው ሁሉ በአንድ ልጅ ትከሻ ላይ መውደቁ፣ ያውም ከሥራነት ይልቅ ሥልጣን መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ አለቃ የሚሆነው በቀለም የላቀው ነው፤ ወይም በቁመት የበለጠው። የቀሩት 61 ልጆች ተገዢ ናቸው። ተገዢ ደግሞ ገዢው ዞር ሲል ይጮሃል። እስቲ ይህን ሥልጣን ቆራርሰሽ ሥራ አድርጊውና ለሁሉም አካፍዪው።

ምን ሥራ አለ ትዪኝ ይሆናል። ጠዋት ከመግባትሽ እስከ መውጫው ደወል በእጅሽ የምትሠሪውን ሁሉ አንድ ቀን ቁጠሪው። ጠመኔና ዳስተር ታወጫለሽ፤ ሰሌዳ ትጠርጊያለሽ፤ በሰሌዳው ጥግ ቀኑን ትጽፊያለሽ፤ መጽሐፍ ታድያለሽ፤ ትሰበስቢያለሽ፤ የቤት ሥራ ደብተር ትቆልያለሽ፤ መስኮት ትከፍቻለሽ፤ የጎደለ እርሳስ ትፈልጊያለሽ፤ ማን እንደቀረ ትጠይቂያለሽ። ከእነዚህ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የማይችለው አንድም የለም። ስንት ጊዜሽን እንደሚበሉ ስታዪ ደግሞ ትደነግጫለሽ፤ 40 ደቂቃዋ ክፍለ ጊዜ የምታልቀው በዚህ ነው።

ለ62 ልጅ 62 ዓይነት ሥራ ፍለጋ ግን አትድከሚ። ሥራውን በረድፍ አድርጊው። አምስት ወይም ስድስት ረድፍ ካለሽ እያንዳንዱ የራሱ መጽሐፍ አዳይ፣ የራሱ ደብተር ሰብሳቢ፣ የራሱ እርሳስ ያዥ፣ የራሱ ቀሪ ጠያቂ ይኑረው። ሰሌዳው፣ ቀን ጻፊው፣ በርና መስኮቱ፣ የውሃው ጀሪካን የክፍሉ ሁሉ ሥራዎች ናቸው። በዚህ አቆጣጠር በአንድ ጊዜ ወደ 30 የሚጠጋ ልጅ ሥራ ይኖረዋል፤ በሁለት ሳምንት ስትቀያይሪ በወር ውስጥ ሥራ ያልደረሰው ጥቂት ልጅ ብቻ ነው። በየሳምንቱ መቀየሩን አልወደውም። የመጀመሪያው ሳምንት በመልመድ ያልቃል፤ ልጁ በሥራው መኩራት የሚጀምረው በሁለተኛው ነው።

ከሁሉ የምወደው ሥራ ቀሪ ጠያቂነት ነው። ሥራው የቀረን ልጅ ለአስተማሪ ማሳበቅ አይደለም። ልጁ ሲመለስ ያመለጠውን ማስታወሻ ማሳየት፣ ሰፈሩ ከቀረበም በመንገድ ጎራ ብሎ «ምን ሆንክ?» ማለት ነው። አንዲት ዓይናፋር ተማሪዬ ይህ ሥራ ደርሷት ነበር። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ በዓመቱ ካወራችው ይልቅ ብዙ አወራች፤ የምትናገረው አላት፣ የሚጠብቃትም አለ።

ከመጥረጊያው ላይ ተጠንቀቂ። እኛ አገር ክፍል መጥረግና ሽንት ቤት ማጠብ ለረጅም ጊዜ የአርፋጅና የረባሽ ቅጣት ሆነው ኖረዋል። ትናንት ቅጣት የነበረውን ዛሬ «ኃላፊነት» ብትዪው ልጆቹ አያምኑሽም። ስለዚህ መጥረግ የሁሉም ተራ ይሁን፤ በወረፋው ላይ የአንቺም ስም ይግባ፤ ተራሽ ሲደርስ መጥረጊያውን ይዘሽ ጎንበስ በዪ። ሌላም አለ፦ ሳናስበው መጥረጊያና ጀሪካኑን ለሴቶቹ፣ ሰሌዳውንና ደወሉን ለወንዶቹ እናድላለን። በወር አንዴ ዝርዝሩን በዚህ ዓይን እዪው። እኔ አንድ ጊዜ ሳየው በገዛ እጄ የጻፍኩት ወረቀት አሳዘነኝ።

ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ ከሆነ፣ ብዙ ከተሞች እንደዚያው ነውና፣ ግድግዳው የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት የለጠፍሽውን የከሰዓቶቹ ይቀዱታል። ለዚህ እኛ የምንጠቀመው ማዳበሪያ ነበር። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ዘርግተሽ፣ ትንንሽ ኪሶች ሰፍተሽበት፣ ከየኪሱ በላይ የሥራውን ሥዕል ትስያለሽ፦ ዳስተር፣ መጽሐፍ፣ ጀሪካን። የልጆቹን ስም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈሽ ኪሱ ውስጥ ትከቻለሽ። ጠዋት በሁለት ምስማር ይሰቀላል፤ በደወል ተጠቅልሎ አብሮሽ ይሄዳል። ሥዕሉ የግድ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሶም ማንበብ የሚያንገዳግደው ልጅ አለና ሥራውን ጓደኛው እንዲያነብለት አታድርጊ።

ሥራውንም ሳታስተምሪ አትስጪ። «ደብተር ሰብስብ» ያልነው ልጅ ደብተሩን ከሰው እጅ ነጥቆ፣ ክምሩን ጥሎ፣ ጠብ ፈጥሮ ይመጣል፤ እኛም «ይሄ አይረባም» እንላለን። ማንም አላሳየውም። መጀመሪያ አንቺ ሠርተሽ አሳዪው፤ ቀጥሎ አብራችሁ ሥሩ፤ ከዚያ እሱ ሲሠራ ቆመሽ ተመልከቺ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሮጌው ሠራተኛ አዲሱን ያስተምር። አርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ ላይ 10 ደቂቃ ለዚህ ስጪ። ልጅ ለልጅ ሲያስተምር ያለውን ቁምነገርና ጥንቃቄ እኛ አናገኘውም።

እንግዲህ ያ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅሽ።

መጀመሪያ ወደ ፊት አምጪው፤ ግን እንደ ቅጣት አይሁን። ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ፣ ይሰማው እንደሆነ፣ ቁርስ በልቶ ይመጣ እንደሆነ ቀስ ብለሽ እወቂ። ስንቱ «ረባሽ» የተባለ ልጅ ሰሌዳው የማይታየው ኖሯል።

ከዚያ ጠባዩ እስኪስተካከል ሳትጠብቂ ሥራ ስጪው። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ሥራን ለታዛዥ ልጅ እንደ ሽልማት እንሰጥና፣ እጅግ የሚያስፈልገው ልጅ ሳያገኘው ዓመቱ ያልቃል። ብቻውን ጥሪውና «አንድ ነገር ታግዘኛለህ?» በዪው። ቁጭ ብሎ መቆየት የሚያስቸግረው ከሆነ የሚያስነሳ ሥራ ይሁን፦ ሰሌዳ መጥረግ፣ መጽሐፍ ማደል። በየክፍለ ጊዜው የሚነሳበት ሕጋዊ ምክንያት ያገኛል። ወደ ውጭ ግን አታመላልሺው። «ሂድ ከቢሮ ጠመኔ አምጣ» እያሉ መላክ መልኩን የቀየረ ማባረር ነው፤ ልጆች ደግሞ ይገባቸዋል።

እኔ የጠመኔውን ሣጥን የሰጠሁት አንድ ልጅ ነበር። ከትምህርት በኋላ ሊስትሮ ይሠራል። በክፍል ውስጥ የሚታወቀው በጠብ ነው። በሦስተኛው ቀን መጣና «ቲቸር፣ ትናንት 14 ነበር፤ ዛሬ 11 ነው። አንቺ የጨረስሽው ሁለት ነው። አንዱ የታለ?» አለኝ። እኔ ጠመኔ ቆጥሬ አላውቅም። ሒሳብ አይችልም ብዬ የጻፍኩበት ልጅ ነው ይህን የሚነግረኝ። ለካ ጠዋት ማታ ሳንቲም ሲቆጥር የሚውል ልጅ ነው፤ በደብተር ላይ እንጂ በእጁ ሒሳብ ጠፍቶት አያውቅም። ከዚያ ወዲያ መደመርና መቀነስን በጠመኔ፣ በቀለምና በቡራሽ ዋጋ አስተማርኩት።

ግን ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከወር በኋላ በእረፍት ሰዓት አንድ ልጅ መታ። እኔም በንዴት ሣጥኑን በሁሉ ፊት ነጥቄ ለሌላ ልጅ ሰጠሁበት። ምንም አላለም። በማግስቱ አልመጣም፤ በነጋታውም። በሦስተኛው ቀን እናቱ ይዘውት መጡ። በር ላይ ቆሞ ያየው እኔን ሳይሆን ሣጥኑን ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሣጥኑንም መለስኩለት። የመታውን ልጅ ጉዳይ ለብቻው አስታረቅን፤ ለዱላው የሚገባው መልስ የተመታውን መካስ እንጂ ከጠመኔው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ሥራን ለቅጣት ብለሽ አትንጠቂ። ሥራውን በራሱ ካበላሸ እንደገና አስተምሪው። በሌላ ነገር ካጠፋ ለዚያ ጥፋት ብቻ ተጠያቂ ይሁን።

አሁን የከረሜላው ነገር። የደረሰብሽ አዲስ አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፣ ሥዕል መሳል የሚወዱ ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆኑ ልጆችን በሦስት ከፍለው አጠኑ። ለአንዱ ወገን «ከሳላችሁ ሽልማት አለ» ተባለ፤ ለሌላው ሳይነገረው ከሳለ በኋላ ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ማንም ሳያዛቸው ሲታዩ፣ ሽልማቱ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች በሥዕሉ ላይ ያጠፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። የአንቺም ልጆች «ዛሬ ምን አለ?» የሚሉሽ ስግብግብ ሆነው አይደለም። ደብተር ማውጣት የሚከፈልበት ሥራ ነው ብለን ስላስተማርናቸው ነው።

ከረሜላውን በአንድ ቀን አታቋርጪ እንዳልል ደመወዝሽ ያሳስበኛል። በግልጽ ንገሪያቸው፦ «ከረሜላው አልቋል፤ ከአሁን በኋላ ሌላ ነገር እናደርጋለን።» ሦስት አራት ቀን ያጉረመርማሉ፤ ይለፍ።

ሌላው ነገር ምንድን ነው? አንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አፉን ቆርጠሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ፤ ጠጠር ከግቢው ይለቀማል። ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር ሲያሳምር፣ ለምሳሌ ከአማርኛ ወደ ሒሳብ ያለ ጫጫታ ሲሻገር፣ አንድ ጠጠር ጣይ፤ ኳ ሲል ይሰማቸው። የገባ ጠጠር በምንም ጥፋት አይወጣም፤ በዚህ ላይ ጽኑ ሁኚ። ሲሞላ ከዛፍ ጥላ ሥር ወጥታችሁ ተረት ታወሪያቸዋለሽ፤ ወይም እነሱ ያወራሉ። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ትንሽ ይሁን፤ በሳምንት ውስጥ ካልሞላ ተስፋ ይቆርጣሉ።

ረድፍ ከረድፍ ማወዳደር ያምርሻል። ይሠራል፤ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት አንድ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ 24 ተማሪዎቿን በሁለት ቡድን ከፍላ ያደረገችው የጠባይ ጨዋታ ረብሻውን በእጅጉ ቀንሶት ነበር። ሰዎች የሚረሱት ግን በዚያ ጨዋታ ሁለቱም ቡድን ማሸነፍ ይችል እንደነበር ነው፤ የተቀመጠውን የጥፋት መጠን ካላለፉ ሁለቱም ያሸንፋሉ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ሁሌ አንድ አሸናፊ ብቻ ካለ፣ ያ ልጅሽ ያለበት ረድፍ በእሱ ምክንያት ይሸነፋል፤ በእረፍት ሰዓትም ይደበድቡታል።

ስለ «ጎበዝ» ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ቃሉ ደስ ይላል፤ ግን በቀን መቶ ጊዜ ስንለው ለልጁ ምንም አይነግረውም። «ጎበዝ» ብለሽ አታቁሚ፤ ያየሽውን ጨምሪበት፦ «መጽሐፉን ስታድል ገጹ የተቀደደውን ለራስህ አስቀረህ፤ አይቻለሁ።» ይህን የሰማ ልጅ ነገም ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ጭብጨባውንም ለ1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ብቻ አታስቀሪው፤ ከ58ኛ ወደ 49ኛ የመጣ ልጅ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም።

ከሽልማት ሁሉ የምመርጥልሽን አሁን ልንገርሽ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚያስደነግጥ ቃል የለም። እናትና አባት ከትምህርት ቤት የሚጠሩት ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው። አንቺ ገልብጪው። ከደብተር የተቀደደ ሩብ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፊ፦ «ልጅዎ በዚህ ሳምንት የክፍላችንን መስኮቶች ሳይረሳ ከፍቷል፤ ዘግቷል። አመሰግናለሁ።» ፈርሚበት። ማንበብ የማይችሉ ካሉ ልጁ ራሱ ያነብላቸዋል፤ እንዲያውም ያ ይበልጣል። በቀን ሦስት ብትጽፊ በወር ውስጥ 62ቱም ቤት ይደርሳል። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ የኋላው ልጅሽ ይሁን፤ ግን የምትጽፊው እውነት ይሁን፤ እውነት ካላገኘሽ ሥራውን ሰጥተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። እኔ ከጻፍኳቸው እንዲህ ያሉ ወረቀቶች አንዱን ከዓመታት በኋላ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳን ሥዕል ጎን ተለጥፎ አይቼዋለሁ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። ሰኞ ሦስት ሥራ ብቻ ይበቃል፦ ሰሌዳ፣ መጽሐፍ ማደል፣ ቀን መጻፍ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበፊቱ የባሰ ትርምስ ይሆናሉ፤ መጽሐፍ ይወድቃል፤ ቀኑ ተሳስቶ ይጻፋል፤ ባልደረባሽ በመስኮት አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ተሳስቶ የተጻፈውን ቀን ቸኩለሽ አታርሚ፤ ሌሎቹ ልጆች አይተው ያርሙታል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ጠዋት ዘግይተሽ ስትገቢ ሰሌዳው ተጠርጎ፣ ቀኑ ተጽፎ፣ መጽሐፉ ታድሎ ታገኚያለሽ። ያን ዕለት አንድ ጠጠር ሳይሆን አንድ እፍኝ ጣይላቸው።

አለቃ የነበረችውን ልጅ ደግሞ አደራ። ከሥልጣን የወረደች እንዳይመስላት የመጀመሪያዋ ቀሪ ጠያቂ አድርጊያት። በስም መጻፍ ያጣቻቸውን ጓደኞች በየቤታቸው እየሄደች ታገኛቸዋለች።

ያ ልጅ የትኛውን ሥራ እንደመረጠ ጻፊልኝ። ምርጫውን ለእሱ ተዪለት፤ ሦስቱንም ንገሪውና መልሱን ጠብቂ።